የበረደው ሕንፃና ጋሽ ቸኮል

መብራት አጥፊ የሌለበት ከተማ የለም። ሐኪም የሌለው ከተማ አለ፣ መንገድ የሌለው ከተማ ሞልቷል፤ ሰው ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ማጥፊያው ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ግን በየአገሩ አንድ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሰው የቤቱ አባወራ ነው፤ ከፋዩ እሱ ስለሆነ ማንም አይፈርድበትም። የመካነ ሰላሙ ክቡር አቶ ቸኮል ግን የሚያጠፉት የሰውን መብራት ነበር።

ጋሽ ቸኮል ሃያ ስድስት ዓመት ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው፤ ደሴ ጀምረው መካነ ሰላም ጨረሱ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያያቸው የለም። ቆጣሪ ፊት ሲቆሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ መነጽራቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ቁጥሩን እንደ ዳዊት በዝግታ ነበር የሚደግሙት። ከቁጥሩም የማያውቁት ጉድ አልነበረም። ማን ማቀዝቀዣ እንደገዛ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር እንደተመለሰች፣ የትኛው ባል አኩርፎ ሌላ ክፍል ማደር እንደጀመረ ቆጣሪው ይነግራቸዋል። ጡረታ ሲወጡ መዝገቡን አስረከቡ፤ ሐሳቡን ግን የሚረከባቸው አጡ።

ከዚያ ወዲያ ከተማውን በእግራቸው እየዞሩ ያጠፉ ጀመር። ለቅሶ ቤት ገብተው "ነፍስ ይማር" ብለው ከተቀመጡ በኋላ፣ ዓይናቸው በጠራራ ፀሐይ በረንዳው ላይ በሚበራው አምፖል ላይ ይተከላል። ይቁነጠነጣሉ። በመጨረሻ ተነስተው ያጠፉና "እሳቸውም በሕይወት ቢኖሩ አይወዱትም ነበር" ብለው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። አንድ ሰርግ ላይ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ የድንኳኑን መብራት በማጥፋታቸው፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽሮቹን ወደ መኪና መልሶ እንደገና አስገብቷቸዋል። የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ሪፖርት እየተነበበ ሳለ ተነስተው መጋረጃውን ገለጡ፤ አምፖሉንም አጠፉ። ሰብሳቢው ምን መሆናቸው እንደሆነ ሲጠይቃቸው "ሪፖርት በፀሐይም ይነበባል" ብለው ተቀመጡ።

ለሁሉም የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ "ለማን ነው የሚበራው?" መልስ ግን አይጠብቁም። የሚቆጣቸው ሰው ካጋጠማቸው ደግሞ "ቆጣሪ ዘመድ አያውቅም" ይሉና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እኒህን ሰው ሱሀይላ የጠላቻቸውን ያህል የጠላቸው አልነበረም።

ሱሀይላ ጅዳ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ከማድ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ሰማያዊ መስታወት የለበሰ አንድ የቢሮ ሕንፃ ነበር። ዕቃ ስታጥብ እሱን እያየች ታጥባለች። ሲያልፍላት እንደሱ ያለ አንድ ሕንፃ መካነ ሰላም ላይ ልታቆም ለራሷ ቃል ገባች። ዘጠና ሰባት ላይ ስትመለስ ፎቶግራፉን ለሥራ ተቋራጩ ሰጠችው። ሰውዬውም ፎቁን ከሰባት ወደ ሁለት አወረደና ሌላውን ሁሉ እንዳለ ገልብጦ ሠራላት። ከተማው ሕንፃውን "መስታወቱ" ብሎ ጠራው። ሱሀይላ ከወረዳው ከፍ ያለውን ኪራይ ጠየቀች፤ ለመስታወቱ ክብር ሲባል ተከፈላት።

ችግሩ የጅዳው ሕንፃ የተሠራው ፀሐይን ለመግፋት መሆኑ ነው። መካነ ሰላም ደግሞ ከፀሐይ ጋር ጠብ የለውም። ጠቆር ያለው ሰማያዊ መስታወት ያለችውን አንዲት የጠዋት ፀሐይ ከደጅ ይመልሳታል። ኮሪደሩ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነው። መስኮቶቹ በወጉ አይገጥሙም። ላይኛው ፎቅ ከቆርቆሮው በታች ምንም ስለሌለው፣ ሌሊት የገባው ብርድ እስከ ቀትር አይወጣም። ስለዚህ አምፖሎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ይበራሉ፤ በየጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ ድመት ተጋድሟል። ኪራዩ መብራትን ጨምሮ ነበርና ለማጥፋት እጁን የሚያነሳ የለም።

ከጋሽ ቸኮል በቀር። እሳቸው ከሕንፃው ጋር ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ለጉብኝት ይመጣሉ። ምድር ቤት ኮምፒውተር የምትጽፈው አበቡ ማመልከቻ እየጻፈች ብርሃን ይጠፋባታል።

"ጋሽ ቸኮል፣ ፊደሉ አይታየኝም እኮ።"

"ስድስት ዓመት ጽፈሽ ፊደሉ የት እንዳለ ካላወቅሽ መብራት ምን ያደርግልሻል ልጄ?"

አንድ ቀን የደረጃውን መብራት አጠፉ። ላይኛውን ፎቅ ሙሉ የተከራየው የልማት ማኅበር ኃላፊ አለምነው ፋይል ታቅፎ ሲወርድ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች ሳያያቸው አለፋቸው። እግሩ ወለም አለው። ሱሀይላ ምድር ቤት ካለው ሱቋ በረንዳ ተነስታ መጣች።

"ጋሽ ቸኮል፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዳይገቡብኝ።"

"እሺ ልጄ" አሉ። ባርኔጣቸውን አንስተው አለምነውን ይቅርታ ጠየቁትና ወጡ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ቆጣሪው ግን የተሰቀለው በውጭው ግድግዳ ላይ ነው፤ ውጭው ደግሞ መንገድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሱሀይላ ስትመጣ ጋሽ ቸኮል ቆጣሪው ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። በሦስተኛው ቀንም ቆመዋል። ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ። "ይኼን የመንገድ ሰው ምን አድርጌዋለሁ ያረቢ" ትላለች ሱሀይላ ለአበቡ።

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምህረት ሊያልቅ ሲል፣ ነሐሴ ላይ፣ አለምነው ደብዳቤ ይዞ መጣ። ውሉ ጥር አንድ ያልቃል፤ አያድሱም።

"ጋሽ ቸኮል ከሆኑ እኮ ከልክያቸዋለሁ" አለች ሱሀይላ።

"እሳቸው አይደሉም። ሠራተኞቼ ጋቢ ተከናንበው ነው የሚጽፉት። አንዷ ይኸው ሁለተኛ ጊዜ ሳንባ ምች ታማለች። ምድጃ ስናበዛ መስመሩ ይቆረጣል። ሕንፃሽ ያምራል፤ ውስጡ ግን አያኖርም እህቴ።"

የመሐሉን ፎቅ የተከራዩት ጠበቆችም እነሱን አይተው ማጉረምረም ጀመሩ። ወሬ ደግሞ እግር አለው፤ ጎረቤት ከተማ ከላላ ደረሰና የእህል ነጋዴውን ሐጂ አሕመድኑርን አመጣ። ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው። ሕንፃውን ሊገዙ ይፈልጋሉ፤ ዋጋውን ግን ሁለቱም የማያውቁት ባለሙያ ይናገር አሉ። ባለሙያዋ ኢንጂነር ብዙአየሁ የምትባል የደሴ ገማች ነበረች። አንድ ቀን ሙሉ ለካች፣ ጠየቀች፣ የመብራቱን ደረሰኞች አገላበጠች። ከዚያ ያገኘችውን ተናገረች። የተናገረችው ዋጋ ለሕንፃው የወጣውን እንኳ አይሞላም ነበር።

ሱሀይላ ጆሮዋን ተጠራጠረች። "መስታወቱ ብቻ እኮ ከዚህ ይበልጣል።"

"ይበልጥ ይሆናል" አለች ብዙአየሁ በለዘበ ድምፅ። "የመኖሪያ ቤት ቢሆን እንዲያ እንቆጥረው ነበር። ለቢሮ የሚከራይ ሕንፃ ግን ዋጋው ለባለቤቱ የሚያተርፈው ነው። ያንቺ ሕንፃ ከሚያስገባው ግማሽ ያህሉን በመብራት መልሶ ይበላዋል። ተከራዩም እየሸሸው ነው። ነገ የሚገዛው ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ነው የሚገዛው።"

ሐጂ አሕመድኑር የዓመቱ እህል እስኪገባ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ልታስብበት ጊዜ ሰጧት። ለማሰብ ግን የቀራት ነገር አልነበረም፤ ሕንፃው ከሄደ የሚያኖራት እንደገና ሰው ቤት መሥራት ብቻ ነው። ወደ ዓረብ አገር ሠራተኛ የሚልክ አንድ የአዲስ አበባ ደላላ ደውሎ የጅዳዋ እመቤቷ እንደገና ልትቀጥራት እንደምትፈልግ ነግሯታል። ልጇ ፈርሂያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ዓመት ሲሞላት አክስቷ ዘንድ ትታት ሄዳ፣ ተመልሳም ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆናባት ነበር። ልጅቷ ከአክስቷ ቤት ወጥታ እናቷ ክፍል ማደር የጀመረችው ገና ባለፈው ዓመት ነው። ሱሀይላ ስለ ደላላው ስልክ ምንም አልነገረቻትም። እንዴት አድርጎ ይነገራል?

በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ደጅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጋሽ ቸኮል ከቆጣሪው ዘወር አሉ።

"አልገባሁም" አሉ አስቀድመው።

"ይግቡ ጋሽ ቸኮል። አሁንማ ምን ቀረ፣ ሊሸጥ ነው።"

"ሰምቻለሁ።" ከአንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። "ይህ ሕንፃ ጤነኛ ነው፤ በርዶት ነው እንጂ። የበረደው ሰው ብዙ ይበላል። ይህም እንደዚያው ነው። እስከ ታኅሣሥ ስጪኝ፣ የሚበላውን ከግማሽ በታች አወርደዋለሁ።"

ሱሀይላ ሳቋ መጣ፤ እንባም አብሮት መጣ። "በማጥፋት?"

"በማጥፋት አይደለም። ማጥፋትማ ሞክሬው እግር ሰበርኩ። እንዳይበራ የሚያደርገውን ነው የምሠራው።"

ምን እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ነገሯት። ወጪው ሁለት የወርቅ አምባር ይሆናል። ከጅዳ ካመጣችው የቀሯት ልክ ሁለት ነበሩ። ሲመሽ ቤቷ ሄዳ አውጥታ ስታያቸው ቆየች። ሕንፃው ከተሸጠ ለመንገድ፣ ካልተሸጠ ለፈርሂያ ያለቻቸው ነበሩ። በማግስቱ አንዱን ሸጠች፤ ሁለተኛውንም በሳምንቱ።

ክቡርነታቸው ሥራቸውን የጀመሩት በጧፍ ነው። የበራ ጧፍ ይዘው በየመስኮቱ ጠርዝ ቀስ ብለው ያስኬዱታል፤ ነበልባሉ ሲዋልል ቆም ብለው በኖራ ምልክት ያደርጋሉ። አበቡ ይህን አይታ አማተበች፤ ሰውዬው ሕንፃውን ሊደግሙበት እንደሆነ ለግማሽ ከተማ አወራች። ምልክቱ መቶ ሠላሳ ደረሰ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ስስ ላስቲክና በስቱኮ ደፈኑት። ከየቢሮው በር በላይ ግድግዳው ተከፍቶ ነጭ መስታወት ገባ፤ የክፍሎቹ ብርሃን ወደ ኮሪደሩ ተሻገረ። ምሥራቅ የሚያየው ሰማያዊ መስታወት ወርዶ በነጭ ተተካ። ሱሀይላ ይህን ቆማ ማየት አልቻለችም፤ ሱቅ ገብታ በሩን ዘጋች። ከደረጃው በላይ ካለው ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ ተነስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተመታ። አሮጌዎቹ አምፖሎች በቆጣቢ አምፖል ተቀየሩ። ለየተከራዩም የራሱ ትንሽ ቆጣሪ ገባለት፤ ኪራዩ ዝቅ አለና መብራቱን የተጠቀመው እንዲከፍል ሆነ።

ላይኛው ፎቅ ቀረ። ኮርኒስ መምታት ብቻውን ብርዱን እንደማይመልሰው ጋሽ ቸኮል ያውቃሉ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚጎዘጎዝ ያስፈልጋል። ለዚህ የመረጡት ባና የተባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠራበትን የበግ ጠጉር ነው። "ባና ሰውን ካሞቀ ቤትን ለምን አያሞቅም?" አሉ። ከማሻ በኩል ባና የሚሠራ ክንፈ የሚባል ሰው ለሽመና የማይሆነውን ጠጉር በረከሰ ዋጋ በጆንያ በጆንያ አመጣ። ተጎዘጎዘ፤ ኮርኒሱ ተመታ፤ ሱሀይላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ የሚመስል ነገር ተሰማት።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ሁለት ቀን ሳያባራ ዘነበና አየሩ ረጠበ። በሦስተኛው ቀን ሕንፃው ሸተተ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ጠበቆቹ ዘንድ የመጣ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ "በግ የሚሸጡት ወዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ሰውዬው የእውነት መግዛት ፈልጎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሐጂ አሕመድኑር ከከላላ ደወሉ። "እህቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሕንፃውን ነው የምገዛው ወይስ መንጋውን?" አሉና ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ጋሽ ቸኮልን ያገኘቻቸው እላይ ነው። የኮርኒሱን አንድ ወገን አስነቅለው፣ ጠጉር በእጃቸው ይዘው ያሸታሉ።

"አምባሮቼን ሸጬ በግ ቤት ሠራሁ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርግ ይሻላቸው ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ። ክንፈ ታጥቧል ሲለኝ አምኜ ሁሉንም ሳላይ አስገባሁ። ከጆንያዎቹ አሥራ ሁለቱ ስቡ አልወጣላቸውም።" ሰበብ አልጨመሩም። ባርኔጣቸውን አስቀምጠው መሰላሉን ወጡ።

ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮው ሥር በሆዳቸው እየተሳቡ ያልታጠበውን ጠጉር አውጥተው ወደ ጓሮ አወረዱት። በርሜል ውኃ አሙቀው እንዶድ ወቅጠው ጨመሩ። ሱሀይላ ከበረንዳው ሆና ታያቸው ነበር። ሲያጥቡ አያውቁበትም፤ ጠጉሩን እንደ ሊጥ ያቦኩታል። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበ እጅ ይህን ቆሞ ማየት አይችልም። ወረደች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ "ይተዉት፣ እንዲህ ነው" ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሦስተኛውን ጆንያ ሲጨርሱ ነው የጠየቀቻቸው። "ለምንድን ነው ግን ጋሽ ቸኮል? ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም የለ፣ ከሰው የሚያተርፉት ጥላቻ ነው።"

ጋሽ ቸኮል እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ መለሱ። "ሃያ ስድስት ዓመት ቁጥር ሳነብ ባለቤቱ ከኋላዬ ይቆማል። ስናገር ፊቱ ይጠቁራል። አንድም ቀን፣ አንድም ሰው፣ ጥሩ ነገር ነገርከኝ ያለኝ የለም። ባለቤቴ እቴቴ በሕይወት ሳለች 'አንተ የሰው ፊት የምታጠቁር' ትለኝ ነበር፤ ለቀልዷ ነው። አንድ ቆጣሪ አንብቤ ሰው ደስ ሲለው ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ የለኝም።"

"አብሽሩ" አለች ሱሀይላ፤ ጠጉሩንም ጨመቀችው።

አምስት ቀን በፀሐይ ደርቆ ተመለሰ። ሽታው ጠፋ። ኅዳር ገባ፤ ከኅዳር ጋር ውርጩ መጣ። አንድ ጠዋት የመካነ ሰላም ሣር ሁሉ ነጥቶ አደረ፤ የአህያ እስትንፋስ እንደ ጭስ ይታይ ነበር። ሱሀይላ ከሌላው ቀን ቀድማ ወጣችና ሕንፃውን ከፍታ ገባች። ኮሪደሩ መሐል ቆመች። መጀመሪያ የገረማት ብርሃኑ ነው፤ አንድ አምፖል ሳይበራ የራሷን እጅ ታያለች። ቀጥሎ ጆሮዋ ላይ ብርድ አለመኖሩ ገባት። ላይኛው ፎቅ ወጣች። እዚያም ያው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የማኅበሩ ሠራተኞች ገቡ፤ ጋቢያቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ሥራ ጀመሩ። ምድጃውን የሰካ አንድ ነበር፤ እሱንም ጓደኞቹ "በእኛ ቆጣሪ?" ብለው አስነቀሉት።

በወሩ መጨረሻ ጋሽ ቸኮል ውጭው ግድግዳ ጋ ቆመው መነጽራቸውን ጠረጉ። ሱሀይላ ከኋላቸው ቆመች። ቁጥሩን አነበቡ፤ ያለፈውን ዓመት የኅዳር ቁጥር ደግሞ ከራሳቸው ጭንቅላት አወጡት።

"አንድ ሦስተኛው" አሉ።

"የቀነሰው?"

"የቀረው።"

ዞር ሲሉ ፊቷን አዩት። መነጽራቸውን እንደገና መጥረግ ጀመሩ፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ።

ኢንጂነር ብዙአየሁ በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ከደሴ ተመልሳ መጣች፤ ሐጂ አሕመድኑርም ከከላላ መጡ። ሱሀይላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ደላላው እስከ አርብ መልስ ስጪኝ ብሏታል። ገማቿ እንደ በፊቱ ለካች፣ ጠየቀች፣ ከአለምነው ጋር በር ዘግታ አወራች። ኮርኒሱን ገልጣ ጠጉሩን አየች፤ ከአፍንጫዋም አቀረበችው። ብዙአየሁ ጠጉሩን መልሳ እጇን አራገፈች። ወደ አራት ሰዓት ላይ ሳታስበው ካፖርቷን አውልቃ ክንዷ ላይ አደረገች። ሐጂ ይህን አይተው "እንግዲህ ጨረስን" አሉ በለሆሳስ፣ ለማንም ሳይሆን።

"ግድግዳው ያው ነው" አለች ብዙአየሁ በመጨረሻ። "ቦታው ያው ነው። መልኩ እንዲያውም ትንሽ ተበላሽቷል፣ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ነጭ ሆኗል። ግን ወጪው ወርዷል፤ መብራቱንም አሁን ተከራዩ ነው የሚከፍለው። ላይኛው ፎቅ ለሦስት ዓመት ሊያድስ ነው። የነሐሴው ግምቴ ላይ ግማሹን እጨምራለሁ። ሰው ቢጠይቀኝ አትሽጪው እላለሁ፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።"

"እኔ እጠይቅሻለሁ" አሉ ሐጂ አሕመድኑር፣ "ግን መልሱን ሰማሁት።" ከዚያ ወደ ሱሀይላ ዞሩ። "እህቴ፣ በአዲሱ ዋጋ ትሸጪልኛለሽ?"

"አልሸጥም ሐጂ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ።"

"አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ ምን አውፍ ያስብላል" አሉ።

ሱሀይላ ጓሮ ወጥታ ለደላላው ደወለች። ቪዛውን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነገረችው፤ የጅዳዋን እመቤትም ሰላም እንዲልላት። ስልኩን ዘግታ እንዶዱን የወቀጡበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ለአምስት ወር ደረቷ ላይ የተቀመጠው ሸክም ሲወርድ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባት። እፎይ አለች፤ ደግማም እፎይ አለች። ፈርሂያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ በር ላይ አቅፋ አልለቅ አለቻት። ልጅቷ ምክንያቱን አታውቅም፤ ሊነገራትም አያስፈልግም ነበር። "እማ፣ ደብተሬ እየተጨማደደ ነው" አለች ብቻ።

ሐጂ አሕመድኑር ከከተማው ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ከላላ ያለው መጋዘናቸውና ከላዩ ያለው ቢሯቸውም በርዶት ነበርና፣ ጋሽ ቸኮልን ለአንድ ወር በደመወዝ እንዲሠሩላቸው ለመኗቸው። ጋሽ ቸኮል ጧፋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ። ከተማው አረፈ። ለቅሶ ቤቱም፣ ድንኳኑም፣ አዳራሹም እንዳሻው አበራ።

በአራተኛው ቀን ሐጂ ለሱሀይላ ደወሉላት። ድምፃቸው ደክሟል።

"እህቴ፣ ስለዚህ ሰውዬሽ ነው። ትናንት ዘመዶቼ ለሽምግልና ተሰብስበው ሳሉ ገብቶ አጠፋብን። ዛሬ ደግሞ ባለቤቴ ጸጉሯን እያደረቀች የሽቦውን መሰኪያ ነቀለባት። ሥራውስ ሥራ ነው፤ ቢሯችን እየሞቀ ነው። ግን ወላሂ ቤቱ ሊበተን ነው። ምን ላድርገው?"

ሱሀይላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ራሷን ገዛችና እንደ ባለቤት ተናገረች።

"ይታገሷቸው ሐጂ። ምግብ ሲበሉ ቀስ ብለው ነው፣ አያስቸኩሏቸው። መሰላል ላይ ሲወጡ ሰው ይያዝላቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እሳቸው አይናገሩም። ብርድ ላይም አያሳድሩብኝ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ በአውቶቡስ አይላኩዋቸው፤ እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"